የአብዱልአሊም ሸክላዎች

አብዱልአሊም ጆሮው እንደከዳው ያወቀው በአዛን ነው። ወረታ ላይ የእሱ ግቢና መስጊዱ በአጥር ይዋሰናሉ ማለት ይቻላል። አንድ ቀን በሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጎረቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሰላት ሲመለሱ አያቸው። «ዛሬ አዛን አልተባለም እንዴ?» ሊላቸው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የሰላቱን ጊዜ በእጅ ሰዓቱ መጠበቅ ጀመረ። ለሚስቱ ለከውሰርም ቢሆን አልነገራትም።

ምክንያቱን የሚነግረው ሐኪም አላስፈለገውም። የፎገራ ገበሬ ፊቱን ወደ ሩዝ ባዞረ ጊዜ ከተማው ውስጥ ቀድመው የሩዝ መፈልፈያ ከተከሉት ነጋዴዎች አንዱ እሱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከማሽኑ ሥር አልጠፋም። ያ ማሽን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲነሳ ሰው ከሰው በድምፅ አይግባባም። ጆንያ የሚያቀርበውም፣ የሚመዝነውም፣ ሞተር የሚጠብቀውም ከንፈር ለከንፈር እየተያየ ነው የሚነጋገረው። አብዱልአሊም አንዳንዴ ሠራተኞቹ ከወዲያ ጥግ ሆነው ሲያሙት ከከንፈራቸው ያነብና ለብቻው ይስቅ ነበር።

ጆሮ ማጣት ለሌላ የሩዝ ነጋዴ ብዙም ጉዳት ላይሆን ይችላል። አብዱልአሊም ግን የጃዝ ሰው ነው። አባቱ የአሥመራ መንገድ የጭነት ሾፌር ነበሩ። አሥመራ የነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚጥሉትን የሙዚቃ ሸክላ ከገበያ ይለቅሙና በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከጭነቱ መሃል ወሽቀው ያመጡ ነበር። ሙዚቃ ወደው አይደለም፤ ጎንደር ላይ ለቡና ቤቶች ሊሸጡት ነው። ዘፋኝ ያለበትን ቡና ቤቶቹ ወሰዱ። «አፍ የሌለው ሙዚቃ ምን ያደርግልናል?» እያሉ የመለሱት ሁሉ ቤት ቀረ። አብዱልአሊም ያደገው ያንን የተመለሰውን እየሰማ ነው።

በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ማንበብ ከመቻሉ በፊት ለእያንዳንዱ ስም አውጥቶለት ነበር። አንደኛው ፒያኖውና ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ ባለ ክር መሣሪያ፣ ኮንትራባሱ፣ ሲጨቃጨቁ የሚውሉበት ነው፤ «ባልና ሚስት» አለው። ሌላው ድራሙ ቆርቆሮ ጣራ የሚመታ የሐምሌ ዶፍ ይመስላል፤ እሱም «ዝናቡ» ሆነ። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሳክስፎን ብቻውን የሚጀምረውን ነው። ሳክስፎኑ መጀመሪያ ይናገራል፤ ሌሎቹ ሐዘን ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ እያሉ አንድ በአንድ ይገቡና አጠገቡ ይቀመጣሉ። ስሙ «ሐዘንተኛው» ነው።

ደሳለው በዚህ ሸክላ ነው ወዳጁ የሆነው። ደሳለው የይፋግ ሰው፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በፎገራ ሜዳ ላይ ከብት ሲከትብ የኖረ የእንስሳት ሐኪም ነው። ደብረ ዘይት ሲማር ማታ ማታ ከሙዚቀኞች ጋር እያመሸ ጃዝ ለምዶ ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የሚያጫውተው ቀርቶ ስሙን የሚያውቅ ሰው እንኳ አጣ። አንድ ቀን ጎረቤት ላም ሊያክም መጥቶ በአጥር በኩል «ሐዘንተኛው»ን ሰማ። ላሚቱን ትቶ፣ መርፌውን በእጁ እንደያዘ የአብዱልአሊምን በር አንኳኳ። ሁለቱም ያኔ ጎልማሶች ነበሩ።

ከዚያ ጀምሮ እሑድ እሑድ ይገናኙ ነበር። ደሳለው ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ምሳውን በልቶ ከይፋግ በሚኒባስ ይመጣል። አብዱልአሊም የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን ሰግዶ ይጠብቀዋል። እያንዳንዳቸው ለዕለቱ የመረጡትን አንድ ሸክላ ያቀርባሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ የማጫወቻው መርፌ ሸክላው ላይ ካረፈች በኋላ እስክትነሳ ድረስ ማንም አይናገርም። ስልክ አይነሳም፣ በር አይከፈትም። ከውሰር እንኳ ሻይ ይዛ ከመጣች ትሪውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ሲያልቅ የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ አንዳንዴ ይጣላሉ፤ ለዐስር ሰላት ይለያያሉ።

የደሳለው ሚስት ማርያማዊት በሞተች ጊዜ ደሳለው ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ወረታ መምጣቱንም ተወ። ሐዘኑ ወራት ሲያስቆጥር አብዱልአሊም ማጫወቻውን ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ መብራት ቢጠፋ ብሎ የመኪና ባትሪ ጨምሮ ይፋግ ድረስ ሄደ። «አይዞህ» አላለም፤ «ጽና»ም አላለም። «ሐዘንተኛው»ን አጫወተለት። ሲያልቅ ደሳለው «ድገመው» አለ። ደገመለት። በሚቀጥለው እሑድ ደሳለው ወረታ መጣ።

እንዳልካቸው የተጨመረው በኋላ ነው። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ሆቴል ያለው፣ ዕድሜው አርባን ያልዘለለ፣ ከአዲስ አበባ ሸክላ እያስመጣ የሚሰበስብ ሰው ነው። የእሑዱን ወሬ ሰምቶ በትሕትና ለመነ፤ ተቀበሉት። ሁለቱንም «ጋሼ» እያለ ያከብራቸዋል። የሚያመጣው ሸክላ አዲስና ንጹሕ ነው። ጆሮም አለው፤ ይህን አብዱልአሊም ራሱ መስክሯል።

ጆሮው መክዳት ሲጀምር አብዱልአሊም ለእሑዱ ዘዴ ዘየደ። የራሱን ሸክላዎች በልቡ ያውቃቸዋል። መርፌዋ የት ስትደርስ ትራምፔቱ እንደሚገባ፣ የት ላይ ፒያኖው ብቻውን እንደሚቀር ከሸክላው መስመር ያነባል፤ ጩኸት የበዛበት ቦታ ለዓይን ሻካራ ነው፣ ዝግ ያለበት ቦታ ያብረቀርቃል። ጣቶቹን በማጫወቻው ሳጥን ላይ አሳርፎ የኮንትራባሱን ንዝረት ይይዛል። የቀረውን ልቡ ይሞላዋል። እውነቱን ለመናገር በልቡ የሚሰማው ከድሮው አልተለየም፤ እንዲያውም ጭረቱና ኩሽኩሽታው ጠፍቶለት ነበር።

የቸገረው ሌሎቹ የሚያመጡት አዲስ ሸክላ ነው። ያን ጊዜ ግንባሩን ቋጠር፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ሲያልቅ አጭር ፍርድ ይሰጣል። «ይቸኩላል» ይላል፤ ወይም «አጨራረሱ ጥሩ ነው»። አንድ ጊዜ ደሳለው አዲስ አበባ ያለ የእህቱ ልጅ ያገኘለትን ሸክላ ይዞ መጣ። ከደብረ ዘይት ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ነው። ከካርቶኑ አውጥቶ ሽፋኑን በኮቱ እጅጌ ደጋግሞ ጠረገው። ሰሙት። አለቀ። ደሳለው ዓይን ዓይኑን ሲያየው አብዱልአሊም «መልካም ነው፤ ግን ድራሙ ይበዛበታል» አለ። እንዳልካቸው ከት ብሎ ሳቀ። ደሳለው ተመለከተውና ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለሰ። አብዱልአሊም ይቺንም አመለጥኳት ብሎ ተነፈሰ።

ያላመለጠው በኅዳር ነው። የሩዝ አጨዳ ወቅት ስለነበር ግቢው፣ መስኮቱ፣ ልብሱ ሁሉ ብናኝ ለብሷል። የዕለቱ ምርጫው «ሐዘንተኛው» ነበር። ቀኑን ደስ ብሎት ስለነበር ለወትሮው መርፌዋን የሚከታተለው ሰውዬ ያን ቀን ዓይኑን ጨፈነ፤ ጣቱንም ከሳጥኑ አነሳ። በልቡ ሳክስፎኑ ተነሳ። ኮንትራባሱ ገባ፣ ፒያኖው ገባ። አብዱልአሊም ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ሄደ። የመጨረሻዋ ድምፅ በልቡ ስትጠፋ ዓይኑን ገለጠ።

መርፌዋ የሸክላው መሃል ላይ ነበረች። አቧራ ይዟት አንድ መስመር ላይ ትዘልላለች፣ ትመለሳለች፣ ትዘልላለች።

አብዱልአሊም ቀና ሲል እንዳልካቸው ወለሉን ያያል። ደሳለው ወደ ማጫወቻው ሊነሳ ብሎ የተወው ይመስላል፤ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንዲህ እንደተቀመጡ አላወቀም። ከዚያ ደሳለው አፉን በሰፊው ከፍቶ «ግሩም ነው! ዛሬስ የተለየ ነው!» አለ።

«አቧራ ገብቶበታል» አለ አብዱልአሊም፤ መርፌዋን አነሳት።

ሌላ ነገር አልተባለም። ሰላት ደረሰና ተለያዩ።

ያን ዕለት ለከውሰር ነገራት። ከውሰር የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሐዘን አየችው። «እኔማ ካወቅሁ ቆየሁ» አለችው ፊት ለፊቱ ሆና፤ «የበሩ ደወል ሲጮህ ቀና የማትል ሰው፣ እኔ አላውቅ ብለህ ነው? ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁ።» ባሕር ዳር ወሰደችው። ሐኪሙ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ መስሚያ ሰጠው። መስሚያው ለወሬ ትንሽ ይረዳል። «ባልና ሚስት»ን አስቀምጦ ሲሞክረው ግን ፒያኖው ማንኪያ በብረት ድስት ውስጥ እንደሚንኳኳ ሆነበት፤ ሳክስፎኑ ደግሞ የታመመ በግ። መስሚያውን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ከእንዲህ ያለው ዝምታው ይሻለኛል» አላት።

የሚጠብቀው ደሳለውን ነበር። ብቻውን ይመጣል፣ «ምነው አልነገርከኝም?» ይለኛል፣ ከዚያ አብረን የሚሆነውን እናያለን ብሎ አሰበ። በሥራ ቀንም ቢሆን መፈልፈያው በር ላይ የሚኒባስ ጥላ ባለፈ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ደሳለው አልመጣም። የመጣው እሑድ፣ በለመደው ሰዓት፣ ከእንዳልካቸው ጋር ነው።

መጀመሪያ የተለወጠው ሸክላው ነው። እንዳልካቸው ጥሩ ጥሩዎቹን ማምጣት ተወ፤ የተቧጨረውንና ቀድሞ ያሰማውን ይደግም ጀመር። ቀጥሎ ሕጉ ተጣሰ። ሙዚቃው እየሄደ እንዳልካቸው ስልኩን አነሳ። በሌላው እሑድ አፉን በእጁ ጋርዶ ለደሳለው አንድ ነገር አለው፤ ደሳለውም ጆሮውን ሰጠው። አብዱልአሊም ሁሉንም ያያል። እንዳላየ ሆኖ ጣቱን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አንድ ቃል ቢናገር እሑዱ እንደሚያከትም ያውቀዋል፤ ያለ እሑድ ደግሞ ምን እንደሚቀረው አያውቅም።

በጥር አንድ እሑድ «ባልና ሚስት» እየተጫወተ ነበር። አብዱልአሊም ያንቀላፋ ሰው ይመስል ሽፋሽፍቱን ዝቅ አድርጓል። ሁለቱ ከመስኮቱ ሥር ፊታቸውን ወደ ብርሃን አድርገው ተቀምጠዋል። እንዳልካቸው ያን ቀን አፉን መጋረዱንም ተወው።

«የሆቴሌ አዳራሽ አልቋል፤ ድምፅ ማጉያውም መጥቷል» አለ። «ይሄ ሁሉ ሸክላ እዚህ አቧራ ከሚበላው ወደዚያ ቢሄድ ምን አለበት? ሰው ይሰማው ነበር። እርስዎ ቢጠይቋቸው እኮ እምቢ አይሉዎትም።»

«አትቸኩል» አለ ደሳለው። «ይሰለቸውና ራሱ ይተወዋል።»

«እኔስ ያሳዝኑኛል ጋሼ። እንደ እሳቸው ያለ ሰሚ…»

ደሳለው በረጅሙ ተነፈሰ። «ሰሚ?» አለ። «እሱ ድሮም ሰሚ አልነበረም። የአባቱ ዕቃ ስለሆነ ነው የሚሳሳለት። እኔ ነኝ ስሰማለት የኖርኩ።»

አብዱልአሊም ከንፈሩን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበው። ተሳስቼ ይሆናል ለማለት የሚያስችል አንድም ቦታ አልነበረውም፤ ደሳለው ቃላቱን እየለየ የሚናገር ሰው ነው። መርፌዋ መጨረሻ ላይ ስትደርስ አነሳትና እንደ ሁልጊዜው «እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ደሳለው አውራ ጣቱን ቀስሮ «ግሩም ነው!» አለ።

በሳምንቱ አጋማሽ ደሳለው ብቻውን መጣ። አብዱልአሊም መፈልፈያው ውስጥ ነበር። ለሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ ቢሮው ያስገባው ነበር፤ ያን ቀን ከማሽኑ ሥር ሳይነሳ ጠበቀው። ሩዙ በአንድ ወገን ነጭ ሆኖ ይፈስሳል፣ ገለባው በሌላ ወገን እየተተፋ ይከመራል። ደሳለው ጠጋ ብሎ ጆሮው ሥር ጮኸ።

አብዱልአሊም በእጁ ወደ ኋላ መለስ አደረገው። «ፊት ለፊቴ ቁምና ተናገር። አትጩህ፤ እዚህ ቤት ማንም አይጮህም። ከንፈርህን አያለሁ።»

ደሳለው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከንፈር ታነባለህ እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት በምን የሠራሁ ይመስልሃል?»

ደሳለው ሊናገር የመጣውን ጀመረ። ስለ እንዳልካቸው አዳራሽ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ሸክላዎቹ እዚያ ቢቀመጡ ስማቸው የአብዱልአሊም እንደሚሆን ተናገረ። መሃል ላይ ቆመ። ምን እንደታሰበው ከፊቱ ይታይ ነበር።

«እሑድም ታነብ ነበር?» አለ።

«እሑድም።»

ሞተር የሚጠብቀው ሠራተኛ አያቸውና ፊቱን አዞረ። እሱም ከንፈር ያነባል።

«ለዚያ ልጅ፣ ለእንዳልካቸው ብዬ የተናገርኩት ነው» አለ ደሳለው። «አፍ አመለጠኝ። በማርያም፣ ከልቤ አይደለም።»

«ለልጁ ብለህ እኔን ጣልከኝ? አርባ ዓመት ሊሞላን ምን ቀረው? ሰሚ አልነበረም አልክ። ይፋግ ድረስ ያንን ሁሉ ተሸክሜ የመጣሁ ምን ላሰማህ ኖሯል፣ የአባቴን ዕቃ?»

ደሳለው ያጠፋ ሰው እንደሚያደርገው ተቆጣ። ከንፈሩ ፈጠነ፤ አብዱልአሊም ግን አንድ ቃል አልሳተውም።

«አንተስ? አንተስ ስታታልለን አልነበር? እኛ የምንሰማውን የምትሰማ እየመሰልክ ፊትህን እያኮማተርክ! ስንት ዘመን የጓጓሁለትን ሸክላ ይዤልህ ብመጣ ምን አልከኝ? ድራሙ ይበዛበታል አልክ። ድራም የለበትም፣ አብዱልአሊም! እዚያ ሸክላ ላይ ድራም የሚባል የለም! በልጁ ፊት ያፌዝክብኝ መስሎኝ ስንት ቀን ስታመም ሰነበትኩ። መርፌዋ ስትይዝ ነው የገባኝ። ሳትሰማ ነው የፈረድክብኝ።»

አብዱልአሊም ይህን አልጠበቀም። ያን ዕለት ደሳለው ሽፋኑን በእጅጌው እንዴት ደጋግሞ እንደጠረገው ትዝ አለው። ይቅርታ ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የቆየው ምሬት ቀደመው።

«ታዲያ ከገባህ ለምን አልመጣህም? በር በሩን እያየሁ ከረምኩ።»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ማሽኑ መሃላቸው ያገሳል። አብዱልአሊም ከልብሱ ላይ ብናኝ አራገፈ፤ ከዚያ «ውሰዷቸው» አለ። «ሁሉንም ውሰዷቸው። ጋሪ ልላክላችሁ ወይስ ራሳችሁ ትጭናላችሁ?»

ይህን ሲል አንድ መልስ ይጠብቅ ነበር። ደሳለው «እንዴት ተደርጎ!» እንዲል፣ «አንተ በሌለህበት ሸክላው ምን ይሆነኛል?» እንዲል ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ቢለው ድራሙንም፣ ሐሜቱንም፣ ሁሉንም እዚያው ገለባው ላይ ይጥለው ነበር።

ደሳለው መሬት መሬቱን አየ። «እንዳልካቸው መኪና አለው» አለ።

ሸክላዎቹ ቅዳሜ ጧት ተጫኑ። አብዱልአሊም ከክፍሉ አልወጣም። ከውሰር ግን ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ የሚወጣውን እያንዳንዱን ካርቶን በዓይኗ ሸኘች። ደሳለው የመጨረሻውን ይዞ ሲያልፍ መንገዱን ዘጋችበት።

«ደሳለው፣ ማርያማዊት ብትኖር ይሄን ታደርግ ነበር?»

«እሱ ራሱ ነው ውሰዱ ያለን፣ ከውሰር።»

«እሱ የሚለውን ሁሉ መቼ ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችው። መንገዱን ለቀቀችለት።

«ሐዘንተኛው»ን ከውሰር ከአልጋው ሥር ደብቃው ነበር። መኪናው ሳይነሳ አብዱልአሊም አገኘውና ከክፍሉ ወጣ፤ ራሱ ወስዶ በመስኮት ለእንዳልካቸው አቀበለው። «አንዱን ማስቀረት ልመና ይመስላል» አላት ሲመለስ። ከውሰር የተራቆተውን መደርደሪያ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች።

የእንዳልካቸው አዳራሽ ሲመረቅ አብዱልአሊም ተጠራ። መሄድ አልፈለገም፤ አለመሄድ ደግሞ ቂም ይመስልብኛል አለ። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ያንኑ ሰዓት መርጠዋል። ከፊት ለፊት የክብር ወንበር ሰጡት፤ ለስላሳ አቀረቡለት። ከባሕር ዳርና ከጎንደር የመጡ፣ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ሸክላ ሰብሳቢዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው የሚወዱትን ሸክላ ይዘው መጥተዋል፤ ሽፋን ለሽፋን ይለዋወጣሉ፣ በስልክ ፎቶ ይነሳሉ። ጠረጴዛዎቹ ላይ ቢራ ሞልቷል። እንዳልካቸው ማይክራፎን ይዞ ወደ አብዱልአሊም እያመለከተ ረጅም ንግግር አደረገ። ማይክራፎኑ አፉን ስለጋረደው ከንፈሩ አይታይም ነበር። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ አብዱልአሊም ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

ከዚያ ሸክላ ማጫወት ተጀመረ። ሕግ የለም። ሰው በሙዚቃው ላይ ያወራል፣ ይስቃል፣ ብርጭቆ ያጋጫል። አብዱልአሊም በየጠረጴዛው የሚከፈተውን አፍ እያየ ተቀመጠ። ወሬው ስለ መንገድ መዘጋት፣ ስለ መሬት፣ ስለ አንዲት ሙሽራ ነው፤ ስለ ሙዚቃ የሚናገር ከንፈር አላገኘም። ደሳለው ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነበር። እጁ ላይ ቢራ የለም፤ ከማንም አያወራም።

አንድ ሽፋን ሲነሳ አብዱልአሊም ከሩቅ ለየው። «ሐዘንተኛው» ነው። ሳያስበው ተነሳና ወደ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ሄደ። መዳፉን በጎኑ ላይ ለጠፈ። ንዝረቱ እንደ እሱ አሮጌ ሳጥን አይደለም፤ ኃይለኛ ነው፣ ክንዱን አልፎ ደረቱ ድረስ ገባ። ሳክስፎኑ ብቻውን ሲናገር አይነዝርም፤ ጠበቀው። ኮንትራባሱ ገባ። መግባቱን ያወቀው በቆዳው ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ትከሻውን ነኩት። አስተናጋጇ ናት፤ አታውቀውም። ጫጫታው ስለበዛ ከንፈሯን እያጎላች «አባባ፣ ዕቃው አይነካም ተብሏል» አለችው። ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላ ክንዱን ደግፋ ወደ ወንበሩ ልትመልሰው ሞከረች።

አብዱልአሊም ወደ ግድግዳው አየ። ደሳለው ብድግ ብሎ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እንዳልካቸው ከእንግዶቹ አንዱን ይዞ በመሃላቸው አለፈ፤ ሲያልፍ ደሳለው ተመልሶ ተቀምጧል።

አብዱልአሊም አስተናጋጇን «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወጣ። አስፋልቱን ይዞ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ከኋላው የሚመጡት ባጃጆች ጥሩንባ እየነፉ ይሆናል፤ ዳር ዳሩን እየተጠጋ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ የሥራ ቀን ሆነበት፤ መፈልፈያውን ከፍቶ ይውላል። እንዳልካቸው ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ ጠራው፤ ሰው አለብኝ አለ። ደሳለው አዳራሹ አዘውትሮ እንደሚሄድ፣ ሁልጊዜም ብቻውን እንደሚቀመጥ ሰማ። ሰውየው ደስተኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ አልጠየቀም።

ደሳለው ይፋግ ላይ ከአባቱ የወረሰው ማሳ አለው። የአብዱልአሊም መፈልፈያ ከተተከለ ወዲህ ሩዙን ሌላ ቦታ አስፈልፍሎ አያውቅም። በሚቀጥለው ኅዳር ከውሰር ከገበያ ስትመለስ የደሳለው ጆንያዎች ከጋሪ ሲወርዱ አየች፤ ከእነሱ በር ላይ ሳይሆን ከዋናው መንገድ ማዶ ካለው መፈልፈያ በር ላይ። ደሳለውም አይቷታል፤ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ቀስ አድርጋ።

አብዱልአሊም የእጅ ሰዓቱን አየ።

«የእነሱ ማሽን ሩዝ ይሰባብራል» አለ። ተነሳና ወደ ሥራው ሄደ።